ለማስተማር የወጡት፦ ከይፋት ደረሳ እስከ መሠረተ ትምህርት ዘማች

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

ክረምት ሲቃረብ በከተማ መስጊዶቻችን ደጃፍ የሚታይ አንድ መልካም ነገር አለ። ከዩኒቨርሲቲና ከኮሌጅ ለዕረፍት የሚመለሱ ወጣቶች ሰብሰብ ይሉና «ዘንድሮ ወደ ገጠር ወጥተን እናስተምር» ብለው ይመካከራሉ። ጠመኔና ደብተር ይለምናሉ፤ ከመምህራን ጋር ጥቂት ቀናት ተቀምጠው ስለ ማስተማር ዘዴ ይማራሉ፤ ከዚያም ሁለት ሁለት ሆነው ይበተናሉ። ያለ ደመወዝ፣ ያለ አበል፣ የአላህን ውዴታ ብቻ ፈልጎ የሚወጣ ወጣት ማየት ልብን ያስደስታል።

ይሁን እንጂ ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ወደ ይፋት ቆላ ሊወርድ ሲሰናዳ ለጓደኛው «እዚያ እኮ ምንም የለም፤ ከባዶ ነው የምንጀምረው» ሲለው ሰማሁ። ልጁ ክፉ አላሰበም። ንግግሩ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም እርሱ ነው። ለመሆኑ ይፋት ባዶ ነበረች? ከዚህ በፊት ለማስተማር ወደ ገጠር የወጡትስ እነማን ነበሩ? እንዴት ሠለጠኑ? ምን ተሳካላቸው? ምንስ ሳቱ? እስቲ አብረን እንመልከት።

የሃያ ሌሊት ሥልጠና

ነገሩን ከመሠረቱ ብንጀምር ይሻላል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ-ት-ተውባ 122ኛ አንቀጽ ላይ ምእመናን ሁሉም በአንድነት እንዳይወጡ፣ ይልቁንም ከየወገኑ ጥቂቶች ሃይማኖትን ጠንቅቀው እንዲያውቁና ወደ ሕዝባቸው ሲመለሱ እንዲያስጠነቅቁ ያሳስባል። ልብ በል፤ አንቀጹ ሁለት ነገሮችን አያይዟል። አንደኛው ማወቅ ነው፤ ሁለተኛው መመለስ ነው። ሳያውቁ መመለስ ጉዳት አለው፤ አውቆ አለመመለስም እንዲሁ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን በተግባር አሳይተዋል። ከሂጅራ በፊት ሙስዐብ ኢብን ዑመይርን (ረ.ዐ.) ወደ መዲና ላኩት፤ የዚያች ከተማ የመጀመሪያው መምህር እርሱ ነበር። ሙዓዝ ኢብን ጀበልን (ረ.ዐ.) ወደ የመን ሲልኩት የሚሄደው ወደ መጽሐፉ ባለቤቶች መሆኑን አስቀድመው ነገሩት፤ ከምን ጀምሮ ወደ ምን እንደሚሸጋገርም በተራ አስረዱት። መምህሩ የሚያስተምራቸውን ሰዎች ማንነት ሳያውቅ አልተላከም ማለት ነው። በቢእር መዑና በ4ኛው ዓመተ ሂጅራ የተገደሉት ሰባ ያህል ሰሐቦችም ለማስተማር የተላኩ ቁርኣን አንባቢዎች ነበሩ። በቀን እንጨት እየለቀሙ ይሸጡ እንደነበር፣ ሌሊት ደግሞ ይሰግዱ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል።

ከሁሉ ይልቅ ለዛሬው ጉዳያችን የሚቀርበው የማሊክ ኢብኑል-ሑወይሪስ (ረ.ዐ.) ታሪክ ነው። ቡኻሪ እንደዘገቡት ማሊክ ከእድሜ እኩዮቹ ወጣቶች ጋር ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥቶ ሃያ ሌሊት ተቀመጠ። እሳቸውም ወጣቶቹ ቤተሰብ እንደናፈቃቸው በተረዱ ጊዜ እነማንን ትተው እንደመጡ ጠየቁዋቸው። ከዚያም ወደ ወገናቸው ተመልሰው አብረው እንዲኖሩ፣ እንዲያስተምሩ፣ ሲሰግዱ እንዳዩዋቸው እንዲሰግዱ አዘዙዋቸው።

ሥልጠናው ሃያ ሌሊት ብቻ ነበር። ዛሬ እኛ ለክረምት መምህር ከምንሰጠው እምብዛም አይበልጥም። ልዩነቱ ያለው ወዲህ ነው፦ እነዚያ ወጣቶች በቃል ከተነገራቸው ይልቅ በዓይናቸው ያዩትን ይዘው ሄዱ፤ የሄዱትም ወደ ራሳቸው ወገን ነው፤ የታዘዙትም ከማስተማር በፊት አብረው እንዲኖሩ ነው።

ይፋት ማን ነበረች?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ደብረ ሲናን ካለፈ በኋላ ብርዱ ለቆት የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል። ማሽላው፣ ማሾው፣ ሽንኩርቱና ማንጎው ያለበት ያ ሜዳ የሸዋ ሮቢት አገር ነው። በስተ ምዕራብ የይፋት ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመዋል። በስተ ምሥራቅ የአፋር ቆላ ተዘርግቷል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ ይውላሉ።

ይህ አገር በኢስላም ታሪክ ውስጥ ቀደምት ስፍራ አለው። ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለው ጣሊያናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1941 ያሳተመው የዐረብኛ ዜና መዋዕል እንደሚያስረዳው በምሥራቅ ሸዋ የማኽዙሚ ሱልጣኖች መንግሥት ለብዙ ዘመን ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1285 በይፋት ወላስማዎች እጅ ወደቀ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የደማስቆው ጸሐፊ አል-ዑመሪ ስለ ሐበሻ ሙስሊም መንግሥታት ሲጽፍ ይፋትን በመጀመሪያ ረድፍ አስቀምጧታል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳውያን የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች አስበሪ፣ ኖራና መሰል በተባሉ ቦታዎች የድንጋይ መስጊዶችንና የከተማ ፍርስራሾችን አጥንተዋል፤ የወላስማ ነገሥታት መቃብሮችም በዐረብኛ ጽሑፋቸው ተገኝተዋል። እነዚያን ድንጋዮች የጻፈ እጅ ነበረ፤ ያነበበም ዓይን ነበረ።

ከዚህ አገር የወጡ ተማሪዎች ባሕር ተሻግረዋል። በካይሮ አል-አዝሀር መስጊድ ውስጥ «ሪዋቁል-ጀበርቲያ» የሚባል ለሐበሻ ሙስሊም ተማሪዎች የተለየ ማደሪያ ነበር። ጀበርት የሚለው ስም ከይፋት ጋር የተያያዘ ነው። የግብፅ ታላቅ ታሪክ ጸሐፊ የሆኑት ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. 1753–1825) ከዚሁ አገር ከሄዱ ሰዎች ዘር ናቸው፤ አያት ቅድመ አያቶቻቸውም የዚያ ሪዋቅ ሸይኾች ነበሩ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ «ባዶ» የተባለው አገር ይህ ነው።

ደረሳው እንዴት ይሠለጥን ነበር?

መንግሥታቱ አለፉ፤ ከተሞቹም ፈረሱ። ማስቀራት ግን አልቆመም። በይፋት፣ በአርጎባና በወሎ ምድር ትምህርትን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻገረው ያለ በጀትና ያለ ሚኒስቴር የኖረው የደረሳ ሥርዓት ነው።

ልጁ በመጀመሪያ በመንደሩ ቁርኣን ቤት ለውሕ ይዞ ይቀመጣል። መቃውን ጠርቦ ብዕር ያበጃል፤ ጥላሸቱን በጥብጦ ቀለም ያደርጋል። የዕለቱን ጽፎ፣ ቀርቶ፣ በቃሉ ሲይዘው ለውሑን አጥቦ ቀጣዩን ይጽፋል። ቁርኣኑን ያኸተመና ልቡ ለዒልም የተነሣሣ እንደሆነ ከአንዲት ጋቢ በቀር ምንም ሳይዝ በእግሩ ይወጣል። ወደ ጎዜ፣ ወደ ሾንኬ፣ ወደ ጌታ፣ ወደ ጀማ ንጉሥ፣ ወደ ዳና ይሄዳል። ሸይኽ ከሸይኽ እያማረጠ ዓመታት ያሳልፋል። በፊቅህ ከትንንሾቹ ኪታቦች ጀምሮ እስከ ሚንሃጅ፣ በነሕው ከአጅሩሚያ እስከ አልፊያ፣ በተፍሲር ጀላለይንን ይቀራል። ኪታብ የሚገዛበት ገንዘብ ስለሌለው የሚቀራውን ኪታብ በገዛ እጁ ይገለብጣል።

እዚህ ላይ አራት ነገሮችን አስተውል።

አንደኛ፣ ደረሳው ሲማርም ያስተምር ነበር። ሸይኹ የበሰሉትን ያስቀራሉ፤ የቀደመው ደረሳ ደግሞ ኋለኛውን ያስቀራል። ስለዚህ ኢጃዛ አግኝቶ በሚወጣበት ቀን ለማስተማር አዲስ አይሆንም። በዛሬ ቋንቋ የማስተማር ልምምድ የምንለው ነገር በሐሪማው ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ነበር።

ሁለተኛ፣ ትምህርቱ በሕዝቡ ቋንቋ ይተረጎም ነበር። ኪታቡ ዐረብኛ ቢሆንም ሸይኹ ቃል በቃል በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአርጎብኛ ይፈቱታል። ይህም አልበቃ ብሎ ዑለማው አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል መጻፍ ጀመሩ፤ ዐጀሚ የሚባለው ይህ ነው። በአርጎባው ወገን የተወለዱት ሸይኽ ጦልሐ ኢብን ጃዕፈር ለዚህ ዋና ምስክር ናቸው። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ አዋጅ ሙስሊሙን በግድ ሃይማኖቱን ሊያስለውጥ በተነሣ ጊዜ ከተቃወሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ዒልማቸውን ግን በዐረብኛ ብቻ አልደበቁትም፤ ማንበብ የማይችለው ገበሬ ሰምቶ እንዲይዘው በአማርኛ መንዙማ አድርገው አስተላለፉት።

ሦስተኛ፣ ደረሳውን የሚቀልበው ሕዝቡ ነው። ደረሳው ለሸይኹ እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ በማሳ ይሠራል። የመንደሩ እናቶች ደግሞ ከልጆቻቸው ጉርሻ ቀንሰው ያበሉታል። በዚህም ምክንያት የገጠሩን ኑሮ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከትከሻው ያውቀዋል። ማሽላ ሲያሸት ልጆች ወፍ ጥበቃ ማማ ላይ እንደሚውሉ፣ ከብት ወደ ውሃ የሚወርደው ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ገበያ የትኛው ቀን እንደሆነ የሚነግረው አያስፈልገውም።

አራተኛ፣ ይመለሳል። ኢጃዛውንና የሸይኹን ዱዓ ይዞ ወደ መንደሩ፣ ወይም መምህር ወደሌለው መንደር ይሄድና ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ደመወዝ የለውም፤ ሰው በዘካውና በሰደቃው ይረዳዋል፣ በደቦም ያርስለታል።

ጉድለት አልነበረውም ማለቴ ግን አይደለም። ሴቶች ልጆች ከቁርኣን ቤት አልፈው እንዲቀሩ የተደረገው ጥረት ጥቂት ነበር። ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና የመንግሥት ጽሕፈት ቤት የሚጠይቀው ፊደል ከሐሪማው ውጭ ቀርተዋል። ገበሬው ፍርድ ቤት በቀረበ ጊዜ የገዛ አቤቱታውን ማንበብ ተስኖት ለጽሑፍ አዋቂ ይከፍል ነበር። ይህ ክፍተት ብዙ አስከፍሎናል።

ከከተማ የመጡ መምህራን

በዘመናዊው ትምህርት በኩል የገጠር መምህር ማዘጋጀት ዘግይቶ የተጀመረ ነገር ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በሰሜን ሸዋ የደብረ ብርሃን መምህራን ማሠልጠኛ ለገጠር የማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች የሚሆኑ መምህራንን ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ የመጀመሪያዎቹን ከ270 በላይ በጎ ፈቃደኞች ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ዋሽንግተን በሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ለሳምንታት አማርኛና የአገሩን ታሪክ ተምረው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመደቡ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪ ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግሉ ተደነገገ፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ነበር ያገለገሉት። እነዚህ ሁሉ ግን በአመዛኙ ትምህርት ቤት ባለበት ከተማ ቆሙ። ከአውራ ጎዳናው ወጣ ብሎ ለሚኖረው የይፋት ቆላ ገበሬ የደረሰው ጥቂት ነው።

ያ መንገድ የተከፈተው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ በይፋ ተጀመረ። ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ከመካከላቸው በፍጹም ፈቃደኝነት የወጡ ነበሩ፤ ሳይፈልጉ የወጡም ነበሩ፤ ያልዘመተ ተማሪ ትምህርቱን መቀጠልም ሥራ መያዝም አይፈቀድለትም ነበርና። ዘማቹ ፊደል እንዲያስቆጥር ብቻ ሳይሆን መሬት እንዲያከፋፍልና ገበሬ እንዲያደራጅም ስለታዘዘ በብዙ ቦታ ማስተማሩ ሁለተኛ ሥራ ሆነ።

ከዚህ የተለየው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» የሚለው መፈክር በየግድግዳው ተጻፈ። ከከተሞች ተጀምሮ ወደ ገጠር ተስፋፋ። አስተማሪዎቹ በአብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና መምህራን ነበሩ፤ አጭር ሥልጠና ተሰጥቷቸው በየገበሬ ማኅበሩ ተሠማሩ። የመማሪያ መጽሐፉ በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተዘጋጀ። ኦሮምኛና አፋርኛ ከእነዚህ መካከል ነበሩ፤ አርጎብኛ ግን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1980 ዘመቻው በዩኔስኮ አማካይነት የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ። መንግሥት ለፕሮፓጋንዳው እንደተጠቀመበት እሙን ነው። ቢሆንም ኩራዝ እያበሩ ሽማግሌና ባልቴት ሲያስተምሩ ያመሹትን የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ድካም መካድ ፍትሕ አይሆንም።

«ማንበብና መጻፍ የማይችል»

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አሥራ አምስቱም ቋንቋዎች የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። ስለዚህ «አንባቢ» ማለት የግዕዝ ፊደል የሚያነብ ማለት ሆነ። በዐረብኛ ፊደል የሚያነብና የሚጽፍ ሰው በመዝገቡ ላይ ቦታ አልነበረውም።

አባቴ (አላህ ይዘንለት) ይህን ደጋግሞ ያጫውተን ነበር። በጎልማሳነቱ ዘመን ዘማቾቹ ወደ መንደራቸው በመጡ ጊዜ መዝጋቢው «ማንበብ ትችላለህ?» ሲል ጠየቀው። አባቴ ሚንሃጅን ቀርቷል፤ የመንደሩን የብድርና የውርስ ነገር በዐጀሚ የሚጽፈው እርሱ ነበር። «እችላለሁ» አለና ኪታቡን አወጣ። መዝጋቢው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ መለሰለትና «ይሄ አይቆጠርም» አለው። ከስሙ ፊት ለፊት «ማንበብና መጻፍ የማይችል» ብሎ ጻፈ፤ አውራ ጣቱንም ቀለም አስነክሮ አስፈረመው።

አባቴ ይህን ሲያወጋ አይቆጣም ነበር። አውራ ጣቱን ግን ያይ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን ስማ። የመማሪያው ሰዓት የተወሰነው ከሰዓት በኋላ ሆኖ ዐስር ሶላትን የሚነካ ነበር። ወንድና ሴት ተቀላቅሎ እንዲቀመጥ ታዘዘ። ጊዜው ማሽላ ያሸተበት ስለነበር ልጆቹ ማማ ላይ ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው በግዳጅ መጣ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግማሹ ቀረ። የቀረ ይቀጣል ተባለ። ይህን ጊዜ ሌላው ዘማች፣ ገና የ12ኛ ክፍል ተማሪ የነበረ የደጋ ክርስቲያን ልጅ፣ አመሻሽ ላይ ብቻውን ወደ አባቴ ቤት መጣ። «አባባ፣ ሰዎቹ ለምን አይመጡም?» ብሎ ጠየቀ። ተቀምጦ ሲጠይቅ የመጀመሪያው መሆኑ ነው።

አባቴ ነገረው። ሰዓቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ይሁን፤ የጁሙዓና የገበያ ቀን ይለፍ፤ ሴቶቹ ለብቻቸው በአንድ ትልቅ ቤት ይማሩ፤ ወፍ ጠባቂዎቹ በተራ ይምጡ አለው። ልጁ አለቆቹን አሳምኖ እንደተባለው አደረገ። አባቴም በፈንታው የመጀመሪያው ተማሪ ሆኖ ከሕዝቡ ፊት ተቀመጠ። ማንበብ የለመደ ሰው ነውና ፊደሉን ለመያዝ ብዙ ቀን አልፈጀበትም። ከዚያ በኋላ ለዘማቹ ረዳት ሆኖ ሌሎቹን ያስቆጥር ጀመር። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ልጁ በለውሕ ላይ አሊፍ ባ ታ እያጻፈው ሲስቁ ያመሹ ነበር አሉ። እናቴ «ሀ ሁ» የቆጠረችው በዚያ ዙር ነው። የምስክር ወረቀቷ ከኒካሕ ወረቀቷ ጋር በአንድ ጨርቅ ተጠቅልሎ እስከ ዛሬ አለ።

በአንድ መንደር የሁለት መምህራን ነገር ይህን ይመስላል። የአንዱም የሌላውም ሥልጠና፣ መጽሐፍና መመሪያ ያው ነበር። አንዱ መንደሩን ባዶ ለውሕ አድርጎ አየው፤ ሌላው ግን የተጻፈበት እንደሆነ ገባውና ማንበብ ፈለገ።

ያተረፍነው

አንዳንድ ወንድሞች ያን ዘመቻ ሁሉ የካድሬ ሥራ ነው ብለው ሲያጣጥሉት እሰማለሁ። የካድሬ ቃል እንደነበረበት እውነት ነው። ነገር ግን የበድርን ምርኮኞች እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤዛ የሚከፍሉት ያጡትን ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ምርኮኞች የአንሷር ልጆችን ጽሕፈት አስተምረው ነፃ እንዲወጡ እንዳደረጉ ተዘግቧል። መምህራኑ ትናንት ሰይፍ የመዘዙ ሙሽሪኮች ነበሩ። ዕውቀቱ ግን ጠቃሚ ስለነበር ተወሰደ።

ለእኛም እንዲሁ ሆነ። ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ ያዘጋጁት የቅዱስ ቁርኣን የአማርኛ ትርጉም የታተመው በ1961 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ስንት የይፋት እናት ታነበው ነበር? ከመሠረተ ትምህርቱ በኋላ ግን እናቴን የመሰሉ ሴቶች ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ የሚያነቡት ሆነ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ከወጣ በኋላ በአማርኛ የሚታተሙ እስላማዊ መጽሔቶችና ጋዜጦች ሲበራከቱ አንባቢ ያገኙት ከየት ይመስልሃል? ከፊሉ ከከተማ ትምህርት ቤት ነው፤ ከፊሉ ግን ከእነዚያ የኩራዝ መብራቶች ሥር የወጣ ነው።

በአንጻሩ ብዙ ሰው የቆጠረውን ፊደል ረሳው። ዘማቹ ሲሄድ የሚነበብ ነገር አልቀረም፤ ጦርነቱም በረታ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ዘመቻውም አበቃ። ኦሮምኛና አፋርኛ ወደ ላቲን ፊደል በመዞራቸው በግዕዝ ፊደል የቆጠሩት ጎረቤቶቻችን እንደገና ጀማሪ ሆኑ። የደረሳው ትምህርት ግን በዚያው መንደር ቀጠለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መምህሩ አልሄደም። ለምእተ ዓመታት የቆየና በወራት የተረሳ ትምህርት ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው።

ለሚወጣው ወጣት

እንግዲህ ዘንድሮ ወደ ይፋት የምትወርድ ወንድሜ፣ እኅቴ ሆይ፣ የምትሄዱበት አገር ብዙ ቁስል ያለበት ነው። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ ቤትና ንብረት በእሳት ጠፍቷል፤ የሰው ሕይወትም አልፏል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ደርሷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል። ትምህርት የተቋረጠበትን ልጅ ፊደልና ሒሳብ ማስያዝ፣ ቁርኣንም ማስቀራት ትልቅ ሰደቃ ነው። ነገር ግን ከታሪኩ ጥቂት ስንቅ ይዛችሁ ውረዱ።

በመጀመሪያ ኒያችሁን አጥሩ። ለፎቶግራፍ የወጣ መምህር ፎቶው ሲያልቅ ይደክመዋል።

ሁለተኛ፣ በደረሳችሁ ዕለት ጥቁር ሰሌዳ ከመስቀላችሁ በፊት የመንደሩን ሸይኽ ዘይሩ። ሸይኹ እንግሊዝኛ አያውቁ ይሆናል፤ ተጅዊዳቸውም እናንተ ከካሴትና ከስልክ እንደለመዳችሁት ላይሆን ይችላል። ነገር ግን እናንተ ሳትወለዱ በፊት በዚያ ዛፍ ሥር ያስቀሩ ሰው ናቸው። አዳቡን ጠብቃችሁ ቅረቡ፤ ፍቃዳቸውን ጠይቁ፤ ከእሳቸውም ቅሩ። በሁለት ወር ቆይታ የአርባ ዓመት መምህርን በሕዝብ ፊት ማቃለል ዳዕዋ አይደለም፤ ያ መዝጋቢ አባቴ ላይ ያደረገውን መድገም ነው።

ሦስተኛ፣ ሰዓታችሁን ከኑሯቸው ጋር አስማሙ። የቆላ ልጅ ከብትና ወፍ ይጠብቃል፤ ሴቷ ልጅ ውሃ ትቀዳለች። ያልመጣውን ልጅ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት የት እንደዋለ ጠይቁ። ለሴቶች ልጆች የሚስማማ ቦታና ጊዜ አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ የአባቶቻችን ሥርዓት ያጎደለው እርሱን ነውና።

አራተኛ፣ ስትመለሱ የሚቀጥል ሰው ይኑር። ከመንደሩ ልጆች ሁለት ሦስቱን ለይታችሁ የቀደመው ኋለኛውን እንዲያስተምር አድርጉ። ደረሳው እንዲህ ነበር የሚሠለጥነው። ጥቂት መጻሕፍትም ትታችሁ ኑ።

ዐምር ኢብን ሰሊማ (ረ.ዐ.) ስለ ልጅነቱ የተናገረውን ከዚህ ጋር አስታውሱ። ወገኖቹ መንገደኛ በሚያልፍበት ውሃ አጠገብ ይኖሩ ነበር። እርሱም ገና የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ከአላፊ አግዳሚው የሰማውን ቁርኣን በልቡ እየያዘ ከሁሉ ይልቅ ብዙ የሚያውቅ ሆነ፤ ኋላም ኢማም አድርገው አቆሙት። ሸዋ ሮቢትም በአውራ ጎዳና ዳር፣ በሮቢ ወንዝ አጠገብ ያለች አገር ናት። እዚያ ከማማው ላይ ሆኖ ወፍ የሚጠብቅ፣ ያልፋችኋል ብላችሁ ያላሰባችሁት ልጅ፣ ከእናንተ የሰማውን ይዞ ነገ የአገሩ መምህር ላይሆን ይችላልን?

አላህ (ሱ.ወ.) ለማስተማር የወጡትን ይጠብቅልን፤ ባስቀሩን ዓሊሞቻችን ላይ እዝነቱን ያውርድ፤ ለይፋት ምድርና ለመላው አገራችን ሰላሙን ይስጥ። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።